ዋስ ያጣ ተከሳሽ
በቀድሞው ዘመን በወንጀል ስለ መከሰስ

በቀድሞው ዘመን አንድ ሰው ወንጀል ሠራህ ተብሎ ሲከሰስ ነገሩ የሚጀመረው በጽሕፈት አልነበረም፤ በአፍ ነበር። ከሳሹ ተከሳሹን በገበያም ሆነ በመንገድ፥ በማሳም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባገኘው ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጠራዋል። ይህ ቃል ከተጠራ በኋላ ተከሳሹ አንድ እርምጃ እንኳ ቢራመድ ሕግ እንደ ጣሰ ይቆጠርበታል፤ በዙሪያው ያለውም ሰው ሁሉ ይይዘዋል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ወታደር ሳይላክ፥ የመያዣ ወረቀት ሳይጻፍ፥ ሰው ባንዲት ቃል ብቻ ይቆም ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች በጻፉአቸው መጻሕፍት ውስጥ ስለ አገሩ ሕግ አክባሪነት ያነሡት ይህን የመሰለውን አይተው ነው።

ከዚህ በኋላ ዳኛ ይፈለጋል። ነገሩ ቀላል እንደ ሆነ፥ ይኸውም ስድብ ወይም ግፊያ፥ ወይም ከብት ሰብል በላ የሚል እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ባላጋራዎች በመንገድ የሚያልፈውን ሽበታም ወይም ሁኔታው የሚያስከብረውን ሰው አስቁመው ዳኘን ይሉታል። ያም ሰው መንገደኛ ነኝ፥ አገሬም አይደለ ብሎ ማለፉ ነውር ነበርና፥ በቅሎውን ለአሽከሩ ሰጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ብዙው ነገር እዚያው በእርቅ ያልቅ ነበር። ደም የፈሰሰበት፥ ቤት የተቃጠለበት ወይም ከብት የተነዳበት ነገር ግን በመንገድ ዳኛ የሚያልቅ አይደለም፤ ወደ ጭቃ ሹሙ፥ ከጭቃ ሹሙም ወደ መልከኛው፥ ከዚያም ወደ አገረ ገዥው ይወጣል። በፍርዱ ያልረካ ሰው ይግባኝ እያለ እስከ ወምበሮች፥ እስከ አፈ ንጉሡ፥ በመጨረሻም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ መሄድ ይችል ነበር። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ግን ዳኝነት ከግዛት ጋራ የተጣበቀ ነበር። አገሩን የሚገዛው ሰው ራሱ ይፈርዳል፤ ከፍርዱም የሚገኘው መቀጮና የውርርድ ገንዘብ ለእርሱ ሲሳይ ነበር። ይህ ልማድ ስንት ድኃ እንዳስለቀሰ መገመት አያዳግትም።

ተከሳሹ ከዳኛው ፊት በቀረበ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው አድርገሃል ወይስ አላደረግህም ተብሎ አይደለም፤ ዋስ ጥራ ተብሎ ነው። ከሳሹም እንደዚሁ ዋስ ይጠራል፤ ክሱን ትቶ እንዳይሸሽ፥ ክሱም ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚፈረድበትን እንዲከፍል ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው በአገሩ የታወቀ፥ ርስት ወይም ከብት ያለው፥ ቢከዳ የሚያዝ ነገር ያለው መሆን ነበረበት። ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ሳይቀር ከመጣ ዋሱ ነጻ ነው፤ ከጠፋ ግን ዋሱ በእርሱ እግር ይተካል፤ ዕዳውን ይከፍላል ወይም ያመለጠውን ሰው ፈልጎ ያመጣል። ስለዚህ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ለወንድም ልጅ ዋስ ሆኖ በሬውን ያጣ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም ነበር። ያም ሆኖ ዘመዱ ዋስ ሁነኝ ሲለው እምቢ ያለ ሰው በለቅሶም በሠርግም ፊቱ ይጠቁር ነበርና፥ ፈራ ተባ እያለ እሺ ይላል።

እንግዲህ ዋስ የሚያገኘው ዘመድ ያለው፥ ጎረቤት ያለው፥ ማኅበር የሚጠጣ፥ ከጌታ ቤት የተጠጋ ሰው ነው። ዋስ የማያገኘው ደግሞ ባይተዋሩ፥ ስደተኛው፥ ከአገሩ የራቀው ሸማኔ፥ ጌታው የሞተበት ሎሌ ነው። ዳኛው ስለ ወንጀሉ አንድ ቃል ሳይሰማ፥ ምስክርም ሳይቆጠር፥ በዚህች በመጀመሪያይቱ ጥያቄ ብቻ ሰውና ሰው ይለያይ ነበር። አንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ያሰናዳል፥ ሽማግሌ ይልካል፥ ምስክሩን ይሰበስባል፤ ሌላው ታስሮ ይቀራል።

ዋስ ያጣውን ሰው የሚጠብቀው ቁራኛ ነው። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፥ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው፥ ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ ሳይለያዩ መኖራቸው ነው። አብረው ይሄዳሉ፥ አብረው ይበላሉ፥ አብረው ይተኛሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አዲስ አበባን ያዩ እንግዶች እንዲህ ተቆራኝተው በየመንገዱ የሚሄዱትን ባላጋራዎች እያዩ ይደነቁ ነበር፤ ፎቶግራፍ ያነሡአቸውም አሉ።

ይህ ሥርዓት ለዛሬ ሰው እንግዳ ይመስለዋል፤ ምክንያት ግን አላጣም። በየወረዳው የተሠራ ወህኒ ቤት አልነበረም፤ ለዘበኛም ቀለብ አልተቆረጠም። ስለዚህ ከሳሹ ራሱ ዘበኛ ሆነ። ደግሞም ከሳሽ እጁን ከባላጋራው እጅ ጋራ ማሰር እንዳለበት እያወቀ በከንቱ ክስ አያነሣም፤ የሰውን ነጻነት ሲይዝ የራሱንም አብሮ ይሰጣል። ከአንድ ገበታ እየበሉ፥ ባንድ ዝናብ እየተመቱ ሲሰነብቱም ቁጣቸው በርዶ ከዳኛው ደጅ ሳይደርሱ የታረቁ ይኖራሉ። በዚህ ወገን ሲመለከቱት ሥርዓቱን ያቆሙት ሰዎች የሰውን ጠባይ የሚያውቁ እንደ ነበሩ ይታያል። ዳሩ ግን ሸክሙ እኩል አልነበረም። በእርሻ ወራት ከቤቱ የራቀ ድኃ ዘሩ ያልፍበታል፤ ባለጸጋው ግን የሚያርስለት አያጣም። ነፍስ የገደለና ሽፍታ ደግሞ ለቁራኛም አይበቃም ተብሎ በእግር ብረት ወይም በግንድ ታስሮ ከሹሙ ግቢ ይቀመጣል፤ ስንቁን ከቤቱ የሚያመጣለት ዘመድ ከሌለው የሚበላው የመንገደኛ ምጽዋት ነው።

አንባቢ አንድ የቆሎ ተማሪ ያስብ። ከጎንደር ወገን ተነሥቶ ቅኔ ለመቍጠር ወደ ጎጃም የወረደ፥ ደበሎ የለበሰ፥ አኩፋዳ ያነገተ ልጅ ነው። ማለዳ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በዋለበት ቀን ባንዱ ቤት በግ ጠፋ። የቤቱ ጌታ ሌላ ሰው በደጄ አላለፈም ብሎ በሕግ አምላክ አለው። ልጁ ከጭቃ ሹሙ ፊት ቀርቦ ዋስ ጥራ ቢባል ማንን ይጠራል? አባቱ የሚያርሰው መሬት የብዙ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ጓደኞቹም እንደ እርሱ ደበሎ ለባሾች ናቸው። ያለው መምህሩ ብቻ ነው። መምህሩ በአገሩ የተፈራ ከሆነ ቃሉን ይሰጥለታል፥ ልጁም ይፈታል። መምህሩም እንደ ተማሪው እንግዳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ልጁ ከበጉ ባለቤት ጋራ ተቋጥሮ ይሰነብታል፤ ቅኔውም እንደ ተጀመረ ይቀራል። በጉ በኋላ ከጅብ ጉድጓድ አጥንቱ ቢገኝ እንኳ የጠፋውን ክረምት የሚመልስለት የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ተማሪ ከሌላው ባይተዋር የሚሻልበት አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም አንደበት ነው። የዱሮ ችሎት በአደባባይ፥ ብዙውን ጊዜ በዛፍ ሥር ወይም በሹሙ ደጅ የሚቆም ነበር። ዳኛው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሽማግሎች በግራ በቀኝ ይሆናሉ፤ የአገሩ ሰው ከብቦ ይሰማል፤ ልጆችም ከዚያው ቆመው ሙግት ይማራሉ። ሁለቱ ባላጋራዎች ሸማቸውን እንደ ሥርዓቱ ለብሰው በትራቸውን ይዘው በፊት ለፊት ይቆማሉ። ከሳሹ ተጠየቅ ብሎ ይጀምራል፤ አንዱ በላ ልበልሃ እያለ ያፋጥጣል፥ ሌላውም ይመልሳል። ነገሩ ሁሉ በምሳሌና በተረት፥ በግጥምና በሰምና ወርቅ የተጠቀለለ ነው። በሰሚ ዘንድ የተወደደ ቃል ከወጣ ሕዝቡ ያጉረመርማል፤ ዳኛውም ደስ ሊለው ይችላል። ለተከሳሹ ይህ ነገር ተስፋም ወጥመድም ነበር። አዋቂው ሰው ተከሶ ሲቆም ከሳሹን መልሶ ተጠያቂ ያደርገው ነበር፤ አንደበቱ የተሳሰረ ገበሬ ግን እውነት በልቡ ሳለ አንዲት ቃል ተሰናክሎ ይረታል። ገንዘብ ያለው ነገር አዋቂ ጠበቃ ያቆማል፤ የሌለው የራሱን አፍ ይዞ ይቀርባል።

በሙግቱ መካከል ውርርድ ይገባል። ከሳሹ ይህን ባላስረዳ በቅሎ ልክፈል ይላል፤ ተከሳሹም ይህን ብታስረዳ እኔ ፈረስ ልክፈል ብሎ ይመልሳል። ድኃው በማር ይወራረዳል። የተረታው ሰው ውርርዱን የሚከፍለው ለባላጋራው ሳይሆን ለዳኛው ነው። ስለዚህ ነገሩ በረዘመና ውርርዱ በከበደ ቍጥር ዳኛው ይጠቀም ነበር። ይህ ሁሉ ሳለ ሰው ከችሎት አይሸሽም ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይል የለምን?

ሙግቱ ካለቀ በኋላ ምስክር ይቆጠራል። ተከሳሹ የማይፈቅደውን ምስክር ጠላቴ ነው፥ የባላጋራዬ ዘመድ ነው ብሎ መንቀፍ መብቱ ነበር። ምስክር የሌለ እንደ ሆነ ነገሩ ወደ መሐላ ይሄዳል፤ መሐላውም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በካህን ፊት ነውና፥ በሐሰት ከመማል በእውነት መረታትን የመረጡ ብዙዎች ናቸው። ፍርዱ ሲሰጥ በትልቁ ችሎት ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው በማዕርግ የሚያንሰው ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ እየተወጣ የመጨረሻው ቃል የታላቁ ይሆናል። ታናሹ ታላቁን ሰምቶ እንዳይከተል፥ አስቦ የራሱን እንዲናገር ነው። ይህች ሥርዓት ከቀድሞው ችሎት ወግ ሁሉ የተሻለችው ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እስከዚህ የተነገረው ከሳሹ ሲታወቅ ነው። ሌባው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን ሌላ መንገድ ነበረ፤ በአንዳንዱ አገር አውጫጭኝ፥ በሌላው አፈርሳታ ይሉታል። የወረዳው ሰው ሁሉ በሹሙ ትእዛዝ ከሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ ቀን ከቀን ከሜዳው ይውላል፤ እርሻም ከብትም ይበደላል። ሁሉም እየማለ ያየውን የሰማውን ይናገራል። ለመናገር የሚፈራ ሰው ደግሞ ቃሉን ለተመረጡ ሽማግሎች በስውር ይሰጣል፤ ሽማግሎቹም ወፍ ነገረችን ብለው ስሙን ያወጣሉ። ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። እውነተኛውን ሌባ ለመያዝ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይረዳ ነበር፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ሥራ ያውቃልና። ነገር ግን ያ ደበሎ ለባሽ ተማሪ በዚያ ሜዳ ተቀምጦ ሳለ ሕዝቡ በርሃብና በፀሐይ ሲሰለች ወፏ የማንን ስም ትጠራለች? የአገሩን ልጅ ከመጥራት እንግዳውን መጥራት ይቀላል። ተከሳሹ በአደባባዩ ሙግት ባላጋራውን ዓይን ለዓይን እያየ ይመልስ ነበር፤ ለወፍ ግን መልስ የለውም።

ከዚህም የባሰ ሌባ ሻይ የሚሉት ነበረ። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው አእምሮውን ከሳተ በኋላ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ነህ ተብሎ ይከፍላል። ስለዚህ ነገር ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ኋላ መንግሥት ከልክሎታል።

የሚያስገርመው ይህ ሁሉ ሲሠራ የተጻፈው ሕግ በአገሩ ውስጥ መኖሩ ነው። በ13ኛው ምእተ ዓመት የግብፁ ሊቅ እብን አል አሳል በዐረብኛ ያሰናዳው፥ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ያለው ሲሆን 22ቱ የመንፈሳዊ፥ 29ኙ የሥጋዊ ነገር ናቸው። ዳኛ ፊት አይቶ እንዳያዳላ፥ ተቆጥቶ ሳለ እንዳይፈርድ፥ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሳይቆም ሰው እንዳይቀጣ ይህ መጽሐፍ ያዛል። ዳሩ ግን መጽሐፉ በነገሥታት ግቢና በሊቃውንት እጅ ነበር፤ ቋንቋውም ግእዝ ነው። ጭቃ ሹሙ የሚያውቀው የአባቱን ልማድ ነው። ሊቃውንቱ ትርጓሜውን በጉባኤ ሲያደላድሉት ኖሩ፤ ወደ ዛፉ ሥር ችሎት ግን እምብዛም አልወረደም። የሊቃውንቱ ወቀሳ ካለ ይህ ነው።

ነፍስ የገደለ ሰው ነገር በተለይ ይከብዳል። ሞት የተፈረደበት ሰው ለሟቹ ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ጉማ ተቀብለው መተው ወይም ደማቸውን መመለስ በእጃቸው ነው። ያን ጊዜ ካህናት መስቀል ይዘው፥ ሽማግሎች ድንጋይ ተሸክመው ከሟቹ ወገን እግር ይወድቃሉ። ገዳዩ ባለ ዘመድ እንደ ሆነ ወገኖቹ ገንዘብ አዋጥተው ያድኑታል፤ ዘመድ የሌለው ግን እዚህም ላይ ዋስ እንዳጣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ ለመለወጥ ጀምረው እንደ ነበረ የእንግሊዙ ቆንሲል ፕላውደን በ1847 ዓ.ም. ለመንግሥቱ ጽፎአል፤ ገዳይን ለዘመድ ከመስጠት ይልቅ በመንግሥት ቅጣት ፈጻሚ እጅ እንዲቀጣ አደረጉ ይላል። ከእርሳቸው በኋላ ግን ልማዱ ተመለሰ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የሞት ፍርድ ለንጉሠ ነገሥቱ ቢጠበቅም ቅጣቱን መፈጸም ለሟቹ ወገን ይሰጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚሸሽ ሰው የሚጠጋበት ደግሞ ነበረው፤ አክሱም ጽዮን የገባ፥ በጎንደርም ከእጨጌው ሰፈር የደረሰ ሰው በጉልበት አይያዝም ነበር። እዚያ ሆኖ እርቅ ይለምናል። ለዘመድ አልባው ዋስ የሆነችው መጠጊያ ይህች ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል።

መለወጥ የተጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ በቃል ብቻ ይሰጥ የነበረው ፍርድም በመዝገብ መጻፍ ጀመረ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የታወጀው ሕገ መንግሥትም ማንም ኢትዮጵያዊ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር፥ በሕግ በቆመ ፍርድ ቤት ከመዳኘትም ያለ ፈቃዱ እንዳይከለከል አዘዘ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተቋቋሙ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአጥቢያ ዳኛ አዋጅ ወጥቶ፥ መቀጮአቸው ከ15 ብር የማይበልጥ ጥቃቅን የወንጀል ነገሮች በአጥቢያው እንዲታዩ ሆነ፤ የመንገዱ ዳኛ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ ለፖሊስ ጥያቄም መልስ እንዲሰጥ እንዳይገደድ ደነገገ። ከዱሮው ጋራ ሲያስተያዩት ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ያ ተማሪ በዚህ ሕግ ዘመን ቢከሰስ ኖሮ ቃሉን ባይሰጥ እንኳ ባይተዋርነቱ ማስረጃ አይሆንበትም ነበር። ዋስ የሚባለው ነገር ግን አልቀረም። ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን ዳኛው በዋስ ሊለቀው ይችላል፤ ዋሱም ገንዘብ ወይም ሰው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው፥ የተከሰሰም ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ይናገራል። ያም ሆኖ ከገጠር መጥቶ በከተማ የተያዘ፥ ገንዘብም ዘመድም የሌለው ልጅ ከችሎት ደጅ ቆሞ የሚያልፍ የሚያገድመውን ፊት ሲያይ የሚፈልገው ያው የዱሮው ተማሪ የፈለገውን ነው።

ቁራኛም ቀርቶአል፤ ሰንሰለቱም ዛሬ በመንገድ አይታይም። ቃሉ ግን ከአማርኛ አልወጣም፤ ከሕመሙ ጋራ ታስሮ ከመኝታው መነሣት ያልቻለውን ሰው ዛሬም የአልጋ ቁራኛ ይሉታል።